የሲቪል ምህንድስና ዲግሪ ይዤ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና መማር እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው። አገር ቤት በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አራት ዓመት የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለትዳር ነኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ከልጅነቴ የምመኘው ሕክምና ነበር፤ ምደባው ግን ምህንድስና ላይ ጣለኝ። ዲግሪዬን አስገምግሜ በቀጥታ ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት እችላለሁ? ወይስ ከዜሮ ልጀምር? ጓደኞቼ መጀመሪያ ነርስ ሁኚ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ዕድሜሽ ሄዷል ትለኛለች።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ብዙው የራሴ ታሪክ ነው። አገር ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። እዚህ ሕክምና ስጀምር 34 ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ከሌላ ሙያ ወደ ሕክምና መግባት የሚፈልጉ ወገኖችንም አማክራለሁ። ስለዚህ ደስ የሚልሽን ሳይሆን የሚጠቅምሽን ልንገርሽ።

አሁን ባለሽበት በቀጥታ ማመልከት አትችይም። ከዜሮ መጀመርም የለብሽም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው ማወቅ ያለብሽ።

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና እንደ አገር ቤት ከ12ኛ ክፍል ቀጥሎ የሚገባበት አይደለም። አመልካቹ በሙሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ ሌላ ነገር ተምሮ የተመረቀ ነው፤ ታሪክም ይሁን ሙዚቃ ወይም ምህንድስና ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ መሃንዲስ መሆንሽ እንቅፋት አይደለም። እንቅፋቱ ዲግሪው የተገኘበት አገር ነው። አብዛኞቹ የኤምዲ (የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ የሚሰጡ) ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት አምካስ በሚባለው የጋራ ሥርዓት በኩል ነው። አምካስ ደግሞ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የመጣን ውጤት በጂፒኤ ስሌቱ ውስጥ አያስገባም። አገር ቤት 3.9 ይዘሽ በከፍተኛ ማዕረግ ብትመረቂም በአምካስ ገጽ ላይ የጂፒኤሽ ቦታ ባዶ ነው የሚሆነው። ዲግሪሽን ማስገምገም ለሥራ ይጠቅምሻል፣ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወርም ይጠቅምሻል፤ የሕክምና ትምህርት ቤትን በር ግን ብቻውን አይከፍትም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ሌሎቹ 90 ክሬዲት ያህል፣ ጥቂቶቹም ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ መማርን ይጠይቃሉ። የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር የሚያወጣው ኤምኤስኤአር የሚባል የኢንተርኔት መመሪያ አለ፤ እዚያ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መስፈርት በዝርዝር ይገኛል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ስድስት ዓመት ከሚያባክን ወሬ ያድንሻል።

የኔ ምክር እንዲህ ነው። አሁን ያለሽበት ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝገቢ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብሽ ነው፤ በነዋሪ ዋጋ ትማሪያለሽ። መሠረታዊዎቹን ሳይንሶች እዚያ ጨርሰሽ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሪና በባዮሎጂ ወይም በባዮኬሚስትሪ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ (ባችለር) ያዢ። የምህንድስና ዲግሪሽ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው የሒሳቡንና የጠቅላላ ትምህርቱን ብዙ ክፍል ያነሳልሻል። ስለዚህ ከዜሮ አትጀምሪም። ከፍ ያሉትን የባዮሎጂ ኮርሶች በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መውሰድሽ ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ሳይንስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብቻ የጨረሰን አመልካች በጥርጣሬ ያዩታል።

የሚጠየቁት ኮርሶች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያዩም ግንዱ አንድ ነው፦ ባዮሎጂ አንድ ዓመት፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ አንድ ዓመት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ አንድ ዓመት፣ ሁሉም ከነላብራቶሪያቸው። ከዚያ ባዮኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሳይኮሎጂና ሶሺዮሎጂ። «ፊዚክስ እኮ አገር ቤት ወስጃለሁ» ትዪ ይሆናል። እዚህ እንደገና ውሰጂው። ቀላል ኤ ይሆንልሻል፣ ኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ላይም ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ጎበዝ የሐበሻ ልጅ ሲወድቅ ያየሁት በችሎታ ማነስ ሳይሆን በመቸኮል ነው። ሠላሳ ዓመት አለፈን ብለን ስንደነግጥ በአንድ ሴሚስተር አራት ኮርስ እንጭናለን፣ በሳምንት 50 ሰዓት እየሠራን። እኔ ራሴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው፣ እዚህ የመጀመሪያው የአጠቃላይ ኬሚስትሪ ፈተና ላይ 68 አመጣሁ። ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ትምህርቱን ሳላውቀው ቀርቼ አልነበረም። በ50 ደቂቃ 30 ጥያቄ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጥያቄዎች ሳላያቸው ሰዓቱ አለቀ።

ጂፒኤ ላይ ቀልድ የለም፤ ቁጥሩን ራስሽ አስዪው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ባለ አራት ክሬዲት ኮርስ ወስደሽ አንዱን ኤ አንዱን ሲ ብታመጪ 3.0 ነው። ከዚያ ተነስተሽ 3.7 ለመድረስ 19 ክሬዲት፣ ያለ አንዲት ቢ፣ ሙሉ በሙሉ ኤ ማምጣት አለብሽ። ኮርሱን ብትደግሚው አምካስ ሁለቱንም ውጤት ነው የሚቆጥረው፤ የድሮው አይጠፋም። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ የሚገባው 23 ሺህ ገደማ ነው፣ የገቡትም አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8 የተጠጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አንድ የሳይንስ ኮርስ ብቻ ውሰጂ። አንድ። ሺፍትሽን አቻችለሽ፣ ልጅሽን አስተኝተሽ፣ ተኝተሽ ተነስተሽ ኤ ማምጣት መቻልሽን እዩት፤ አንቺም ባለቤትሽም። ከዚያ ሁለት ትወስጂያለሽ። ስድስት ወር የዘገየሽ ይመስልሻል፤ የተበላሸ ትራንስክሪፕት ለመጠገን ግን ሁለት ዓመት ነው የሚፈጀው።

ሌላው ኦፊስ አወር ነው። መምህሩ ተማሪ እንዲመጣ ብሎ በሳምንት የሚያስቀምጠው ሰዓት አለ። እኛ መምህር በር ላይ መቆም ማስቸገር ይመስለናል፤ ጨዋ ተማሪ ዝም ብሎ ያነባል ተብለን አድገናል። እዚህ ግን ካልሄድሽ አያውቁሽም። ከሦስት ዓመት በኋላ ከሁለት የሳይንስ መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ትጠየቂያለሽ፤ «ክፍሌ ውስጥ ነበረች፣ ኤ አመጣች» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ማመልከቻሽን ይጎዳዋል። ጥያቄ ባይኖርሽ እንኳ የሠራሽውን ልምምድ ይዘሽ ሂጂ፣ «ይህን በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል ወይ?» በይ። በተለይ ላብራቶሪውን የሚያስተምረውን ሰው ቅረቢው።

በዚህ አጋጣሚ ሰው የሚመክርሽን አንድ መጥፎ ምክር ላስጠንቅቅሽ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ) አያገኝም፤ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ «ዲግሪ የለኝም ብለሽ ሙዪ፣ ማን ያውቅብሻል» የሚል አይጠፋም። እባክሽን አታድርጊው። አንደኛ፣ ፋፍሳ (የድጋፉ ማመልከቻ ፎርም) ላይ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ አምካስ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተማርሽበትን ተቋም በሙሉ እንድትዘረዝሪ ያስፈርምሻል። እዚያ ላይ መሃንዲስ ነኝ ብለሽ ኮሌጁ ፋይል ላይ ግን ዲግሪ የለኝም ያልሽ እንደሆነ፣ ዓመታት የለፋሽበት ነገር በአንድ ወረቀት ይፈርሳል። ሕክምና ከምንም በላይ በሰው እምነት የሚሠራ ሙያ ስለሆነ ይህን ጥፋት ይቅር አይሉም። ይልቅ አሠሪሽን ጠይቂ። ብዙ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይረዳሉ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከታክስ ነፃ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋጋ ይህ ብዙ ነው።

«መጀመሪያ ነርስ ሁኚ» ለሚሉሽ፦ ነርስነትን ከወደድሽው ግቢበት፣ ትልቅ ሙያ ነው፣ ቤተሰብም ያኖራል። እንደ መሰላል ብቻ አስበሽው ከሆነ ግን አልመክርሽም። ለነርሲንግ የሚወሰደው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ብዙ ጊዜ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚፈልገው የተለየና የቀለለ ነው፤ ነርስ ሆነሽም ኦርጋኒኩንና ፊዚክሱን መውሰድሽ አይቀርም። በዚያ ላይ ደመወዙ ጥሩ ስለሆነ ትቶ መውጣት ይከብዳል። ሁለቱንም ጨርሰው ሐኪም የሆኑ ወዳጆች አሉኝ፤ ሁሉም «በቀጥታ ብሄድ ኖሮ» ይላሉ።

ኤምካት የሚባለው መግቢያ ፈተና አራት ክፍል አለው፣ ዕረፍቱ ሲደመር ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፣ ኤምዲ ትምህርት ቤት የሚገቡት አማካያቸው 512 ገደማ ነው። መሃንዲስ ስለሆንሽ ፊዚክሱ አያስፈራሽ። የኛን ሰው የሚጥለው ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው፤ በ90 ደቂቃ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ የተጻፉ ዘጠኝ ጽሑፎች አንብበሽ 53 ጥያቄ ትመልሻለሽ። በሦስት ወር ኮርስ የሚመጣ ነገር አይደለም። ከዛሬ ጀምረሽ በቀን አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቢ፣ «ሰውዬው ምን ሊያሳምነኝ ነው?» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ቢሆን ጻፊው። ሌሊት ሕመምተኞቹ ሲተኙ ግማሽ ሰዓት አታጪም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሦስት ዓመት ያልበለጠውን ውጤት ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ስለዚህ ኮርሶቹን ሳትጨርሺ «ልሞክረው» ብለሽ አትቀመጪ። ሞክሮ መውደቅ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝግጅቱ ላይ ዝግ፣ ማመልከቻው ላይ ፈጣን። አምካስ ግንቦት መጀመሪያ ይከፈታል (በፈረንጅ ሜይ)፣ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ማስገባት ይጀመራል፤ የምትገቢው በቀጣዩ ዓመት በፈረንጅ ሰመር ላይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጣውን እያዩ እየጠሩ ነው የሚቀበሉት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ኦክቶበር ላይ ነበር ያስገባሁት፣ የመጨረሻው ቀን ገና ነው ብዬ። 16 ትምህርት ቤት አመልክቼ አንድም አልጠራኝም። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ውጤት፣ ያንኑ ማመልከቻ ጥቂት አስተካክዬ ጁን መጀመሪያ ላይ አስገባሁት። ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ልዩነቱ ቀኑ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው የሕክምና ዘርፍ) ትምህርት ቤቶችንም ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢ። ማመልከቻቸው በሌላ ሥርዓት ነው፣ የሐኪምነት ፈቃዱ ግን እኩል ነው፤ አብሮኝ ከሚሠራው ግማሹ ዲኦ ነው፣ ሕመምተኛው ልዩነቱን አያውቅም።

የልምድ ነገር ላይ ከብዙዎቹ ትቀድሚያለሽ። የ22 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ 100 ሰዓት በጎ ፈቃድ ለማግኘት ሲለማመጥ፣ አንቺ በየሌሊቱ የሰው ገላ ታጥቢያለሽ፣ ታገላብጫለሽ፣ የሚሞት ሰው እጅ ትይዣለሽ። ያ ክሊኒካል ልምድ ነው፤ ሰዓቱን በደብተር ያዢ። የሚቀርሽ ሐኪም ሲሠራ ማየት ነው። ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ የኛ ሰው ሐኪም ሞልቷል፤ በቤተ ክርስቲያን በኩልም ይሁን በሰው ጠይቂ፣ ለጥቂት ቀናት ተከትለሽ ዋዪ። አብዛኛው እሺ ይልሻል፣ እሱም አንድ ቀን ሌላውን ሰው ለምኗልና።

ድርሰቱን ስትጽፊ ይህንን አስታውሺ። ቦታው ባዶ ክፍተቱን ጨምሮ 5,300 ፊደል ብቻ ነው። ከኛ ሰዎች የሚመጡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኝ ነበር» ብለው ይጀምራሉ፣ አንቺም ጥያቄሽ ውስጥ ይህንኑ ጽፈሻል። ምኞቱ እውነት ነው፤ አንባቢው ግን ምኞትን ሊያየው አይችልም። ያማከርኳት አንዲት ልጅ እንዳንቺ ነርሲንግ ሆም ትሠራ ነበር። ሁዳዴ ላይ አንዲት የኛ እናት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒናቸውን እንቢ ይላሉ። ነርሷ በየቀኑ «እምቢ አሉ» ብላ ትመዘግባለች። ሴትዮዋ እምቢ አላሉም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አፋቸው አይገባም ነው ነገሩ። ልጅቷ ገብታ ጠየቀቻቸው፣ ለነርሷ ነገረቻት፣ ነርሷ ለሐኪሙ፤ ኪኒናው ወደ ከሰዓት ተዛወረ። በሳምንቱ ግፊታቸው ወረደ። ድርሰቷን በምኞት ጀምራው ነበር፤ ሰርዘን በኪኒናዋ ብርጭቆ አስጀመርነው። እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዚያች እናት ጠየቋት። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር አለሽ፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ካላገኘሽው መንገድ ሥራው ሳይት ላይ ታገኚዋለሽ። ምህንድስናሽን ስትጠቅሺ «የሰው ገላ እንደ ድልድይ ነው» የሚለውን ተዪው። ምን ሠራሽ፣ ማን ተጎዳ፣ ጤና ጣቢያው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፣ እሱን ጻፊ።

ገንዘቡ ከበድ ይላል፤ አልደብቅሽም። በግል ትምህርት ቤት የአራት ዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ኑሮው ሲጨመር፣ ከ350 ሺህ ዶላር ያልፋል። እስካሁን ሰው የሚማረው ግራድ ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር ወጪውን ሙሉ እየሸፈነ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ይህን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል፤ ለሕክምና ተማሪ የፌዴራል ብድሩ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ይቆማል። ከዚያ የሚበልጠውን ከግል ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ የክሬዲት ታሪክ (ዕዳሽን በጊዜው የመክፈል ታሪክሽን) ይጠይቃል። ስለዚህ ክሬዲትሽን ከአሁኑ ጠብቂ፣ የካርድ ዕዳ አታጠራቅሚ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አስቀድሚ። ዜግነት ስታገኚ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የቀረሽ፣ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለው ስኮላርሺፕ ይከፈትልሻል፤ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ለማገልገል ፈርመሽ ክፍያውን ይሸፍኑልሻል። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ከ2024 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ300 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። መግባቱ ከባድ ነው፣ ግን «ለኔ አይሆንም» ብለሽ አትለፊው።

የማመልከቻው ወጪ ራሱ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር የክፍያ ድጋፍ አለው፤ የኤምካትን ክፍያ ይቀንስልሻል፣ የአምካስን እስከ 20 ትምህርት ቤት ይሸፍንልሻል። መጠየቅ ያለብሽ ከመክፈልሽ በፊት ነው፤ ከከፈልሽ በኋላ አይመልሱም። ለቀረው፣ ዕቁብ ገብተሽ ዕጣሽን ግንቦት ላይ ተቀበይ። አንድ ወዳጄ እንዲሁ ነው ያመለከተው።

ዕድሜን በተመለከተ፦ ኮርሱን በሦስት ተኩል ወይም በአራት ዓመት ብትጨርሺ፣ 36 ዓመት ገደማ ላይ ትገቢያለሽ፣ 40 ላይ ትመረቂያለሽ፣ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ያለው የሙያ ሥልጠና) ሦስት ዓመት ነው፤ 43። ቀዶ ጥገና ከፈለግሽ በሦስቱ ፋንታ አምስት ዓመት አስቢ። ሬዚደንሲ ላይ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ደመወዝ አለ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ልጅሽ ሕክምና ስትጀምሪ ዘጠኝ፣ ሬዚደንሲ ስትጨርሺ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ቁጥር ለእናትሽ ሳይሆን ለባለቤትሽ አሳዪው። ጥያቄሽ ውስጥ ባለትዳር ነኝ ከማለት በቀር ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ትምህርቱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አይደለም፤ ማክሰኞ ማታ ልጅቷን ማን ይይዛታል የሚለው ነው። ቁጭ ብላችሁ የሳምንቱን ቀናት በወረቀት ከፋፍሉት፤ ማን መቼ እንደሚሠራ፣ ማን መቼ እንደሚያጠና፣ አገር ቤት የምትልኪው ገንዘብ ስንት እንደሚሆን። ያ ወረቀት ሳይሞላ ኮርስ አትመዝገቢ።

ወረቀቱ ሲሞላ፣ አገር ቤት ያለውን ዩኒቨርሲቲሽን ትራንስክሪፕት ማስላክ ጀምሪ፤ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከሬጅስትራር መምጣት አለበት፣ ወራት ይፈጃል፣ የሚሮጥልሽ ዘመድ ያስፈልግሻል። ከዚያ ኮሌጁ የኬሚስትሪ ምደባ ፈተና ካለው ጠይቂ። ውጤቱን ጻፊልኝ፤ በአጠቃላይ ኬሚስትሪ ትጀምሪ ወይስ ከሱ በፊት ያለውን ትወስጂ እሱን አይተን እንወስናለን።